አማካይ ቁጥሩና እውነተኛው ዳገት፦ የፈረንሳይ የብስክሌት መንገዶች ግምገማ

የፈረንሳይን የገጠርና የተራራ መንገዶች በብስክሌት ለመጓዝ ያሰበ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ በቁጥር ይከበባል። ይህ ዳገት ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር፣ አማካዩ 7.5 በመቶ ነው፤ ያኛው ርዝመቱ 18 ኪሎ ሜትር፣ አማካዩ 6.9 በመቶ ነው ይባላል፤ ተጓዡም እነዚህን አኃዞች ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ከጉልበቱ ጋር እንደሚመጣጠን ይወስናል። እኔም በሦስት የተለያዩ ዓመታት የተጓዝኩባቸውን መንገዶች የመረጥኩት በዚሁ መንገድ ነበር። ከእነዚህ መንገዶች መካከል መሄዴን የምጸጸትበት አንድም የለም፤ በአማካይ ቁጥራቸው ያልተሸወድኩበት ግን ጥቂት ነው። በዚህ ግምገማ እያንዳንዱን መንገድ የምመዝነው ስለ ራሱ አስቀድሞ የሚናገረው ነገር ተጓዡ በእግሩ ከሚያገኘው እውነት ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም በማየት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቅድሚያ ምስጋና የሚገባው በመንገድ ዳር የቆመው የኪሎ ሜትር ምልክት ነው። ፈረንሳዮች «ኮል» በሚሏቸው በታወቁት የተራራ በሮች ላይ ከግርጌ ጀምሮ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ትንሽ ምልክት ይገኛል፤ የበሩን ስም፣ እስከ ጫፉ የቀረውን ርቀት፣ የቆሙበትን ከፍታና የሚቀጥለውን 1 ኪሎ ሜትር የዳገት መጠን ይናገራል። ይህ ምልክት የተተከለው በተለይ ለብስክሌተኛው ነው። ጥቅሙን ለመረዳት አማካይ ቁጥር እንዴት እንደሚወጣ ማስታወስ ይበቃል፦ ከግርጌ እስከ ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት ለመንገዱ ርዝመት ይካፈላል። ስለዚህ 10 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ 560 ሜትር ከፍ የሚያደርግ፣ ነገር ግን መሐሉ ላይ 2 ኪሎ ሜትር ለጥ ያለ ሜዳ ያለው መንገድ በወረቀት ላይ 5.6 በመቶ ሆኖ ይመዘገባል፤ እግር የሚያውቀው ግን 8 ኪሎ ሜትር የ7 በመቶ ዳገት ነው። መሐሉ ላይ ቁልቁለት ካለ ልዩነቱ ይብሳል፤ ምክንያቱም ተጓዡ የወረደውን ከፍታ እንደገና መውጣት ይኖርበታል፣ በአማካዩ ውስጥ ግን ይህ ድካም ጨርሶ አይታይም። የመንገድ ዳሩ ምልክት ይህን ሁሉ በኪሎ ሜትር ልክ እየቆረጠ ይነግራል።

ከመንገዶቹ ሁሉ ረጅሙን ሰዓት የሰጠሁት «ሩት ደ ግራንድ ዛልፕ» ለሚባለው፣ የታላቁ አልፕስ መንገድ ልንለው ለምንችለው ነው። ከሌማን ሐይቅ ዳር ከምትገኘው ከቶኖን ሌ ባን ተነሥቶ ወደ 720 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራ ለተራራ ሄዶ ኒስ ላይ ከሜዲትራኒያን ባሕር ይገናኛል። ሐሳቡን ያመነጨው የፈረንሳይ ቱሪንግ ክለብ ሲሆን ዘመኑም በ1900ዎቹ የመጀመሪያ ዐሥር ዓመታት ነበር፤ መንገዱ የተሟላው ግን የኢዘራን በር በ1937 በፕሬዚዳንት አልቤር ለብራን ሲመረቅ ነው። ሰሜናዊው ክፍል፣ ማለትም ኮሎምቢዬር፣ አራቪስና ሴዚ የተባሉት በሮች፣ ለምለም መስክና የላም ደወል የሞላበት ነው፤ ዳገቶቹም ከ1,700 ሜትር አያልፉም። ለእግር ማሟሻ ጥሩ ነው፤ ከዚህ የበለጠ አልጽፍለትም። ቁም ነገሩ የሚጀምረው ከኮርሜ ደ ሮዝላን ነው። የዚያ በር መንገድ አረንጓዴ ውኃ ያቆረ የግድብ ሐይቅ ዳር ዳሩን ከተጓዘ በኋላ ዐለት ለዐለት እየተጠማዘዘ ወደ 1,968 ሜትር ይወጣል፤ መኪና ጥቂት፣ አስፋልቱ ለስላሳ፣ ዳገቱም እኩል ነው። በዝናው ልክ የሆነ ሳይሆን ከዝናው በላይ የሆነ መንገድ ጥቀስ ብባል ይህን እጠቅሳለሁ።

ኢዘራን በአንጻሩ ሁለት ፊት አለው። ከቡር ሴን ሞሪስ ወደ ቫል ዲዜር የሚያወጣው ሰሜናዊ ጎን ወደ 48 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ አማካዩን ያየ ሰው የልጅ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ችግሩ ዳገቱ ሳይሆን ዋሻው ነው። በ1952 ተሠርቶ የድሮውን የቲኝ መንደር ባሰጠመው ግድብ ሐይቅ ዳር፣ መንገዱ በተከታታይ ዋሻዎችና መከለያዎች ውስጥ ያልፋል፤ የኋላ መብራት ሳይዝ የገባ ብስክሌተኛ ከኋላው የሚመጣውን የአውቶቡስ ድምፅ ዋሻው እያባዛ ሲያሰማው ጭንቅ ውስጥ ይገባል። ከቫል ዲዜር በላይ ያሉት 16 ኪሎ ሜትሮች ግን ይክሳሉ፦ ሣሩ እያጠረ፣ ዐለቱ እየበዛ፣ ማርሞት የተባለው የተራራ አይጥ መሰል እንስሳ እያፏጨ ወደ ጫፉ ይደረሳል። ከፍታው በካርታ 2,764 ሜትር ሲሆን ጫፉ ላይ የቆመው ሰሌዳ ግን 2,770 ይላል። ስድስት ሜትር ብዙ አይደለችም፤ እዚያ ከፍታ ላይ ትንፋሹ ያጠረው ሰውም አይከራከርባትም። ደቡባዊው ጎን፣ ከቦንቫል ሱር አርክ የሚነሣው 13 ኪሎ ሜትር፣ ከባዱ ነው፤ በ2019 የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ኤጋን በርናል ቀድሞ የወጣው በዚያ በኩል ነበር። ያን ቀን ከጫፉ ወዲያ ባለው መንገድ ላይ በረዶ ወርዶና መሬት ተንሸራቶ ስለነበር ውድድሩ ተቋርጦ ሰዓቱ ጫፉ ላይ ተያዘ። ታሪኩን የማነሣው በጁላይ መጨረሻ እንኳ በዚህ ከፍታ የአየሩ ጠባይ እንደማይታመን ስለሚያሳይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ ሸለቆው ውስጥ በላብ የራሰ ልብስ ቁልቁለቱ ላይ እንደ በረዶ ይሆናል። ነፋስ የሚከለክል ስስ ጃኬትና ሙሉ ጓንት ሳይዙ መውጣት ሞኝነት ነው።

ከኢዘራን በኋላ መንገዱ ወደ ሞርየን ሸለቆ ይወርዳል፤ የዚህ ታላቅ መስመር ደካማ ጎንም ይኸው ነው። ቦንቫል በድንጋይ ጣሪያዎቿ ዓይን ታሳርፋለች፤ ከሞዳን እስከ ሴን ሚሼል ያለው ግን ፋብሪካ፣ ባቡር፣ አውራ ጎዳናና የጭነት መኪና የሚጋፉበት ጠባብ ሸለቆ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሸለቆው ነፋስ ሽቅብ ስለሚነፍስ፣ ወራጁ ብስክሌተኛ ቁልቁለት ላይ ሆኖም ፔዳል ይመታል። የአልፕስን መንገድ የሚያሞካሹ ጽሑፎች ይህን ክፍል በዝምታ ማለፋቸው አይገባኝም። በማለዳ ማለፍ ይሻላል፤ ማለዳ ካልተቻለ ደግሞ ይህን ቁራጭ በባቡር መሻገር አያሳፍርም።

ቀጥሎ ቴሌግራፍና ጋሊቢዬ የተባሉት በሮች ይመጣሉ። ከሴን ሚሼል ወደ ቴሌግራፍ 12 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በጫካ ውስጥ፣ 7 በመቶ አካባቢ ሳይዋዥቅ ይወጣል፤ ይህ ሐቀኛ ዳገት ነው። ከ1,566 ሜትር ላይ ወደ ቫልዋር መንደር ወደ 5 ኪሎ ሜትር ተወርዶ ሁለተኛው ዳገት ይጀመራል። ከቫልዋር እስከ ጫፉ ያለው 18 ኪሎ ሜትር በወረቀት ላይ ከቴሌግራፍ የቀለለ ይመስላል፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ሰፊና ቀስ ያለ ሸለቆ ስለሆነ አማካዩን ወደ ታች ይጎትተዋል። ፕላን ላሻ ከተባለው ስፍራ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ግን የመጨረሻዎቹ 8 ኪሎ ሜትሮች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ እዚያ ከ8 በመቶ በታች የሚል ምልክት ብርቅ ነው፣ አየሩም ሳስቷል። እኔ በሸለቆው ውስጥ «እንግዲህ ጋሊቢዬ ይሄ ነው?» ብዬ መፍጠኔን የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ላይ በሁለት ማረፊያ ከፈልኩ።

የጋሊቢዬ በር ለቱር ደ ፍራንስ የተከፈተው በ1911 ነው። ያኔና ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ውድድሩ የሚያልፈው በ2,556 ሜትር ላይ በተቆፈረው ዋሻ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ ብስክሌተኛው ወደ 2,642 ሜትር ጫፍ የሚወጣበት የመጨረሻው ዳገት የተከፈተው ዋሻው በ1976 በመዘጋቱ ነው። ዋሻው ኋላ ታድሶ ለመኪና ቢከፈትም ለብስክሌት የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ የዛሬው አማተር ከጥንቶቹ ጀግኖች ይልቅ ከፍ ብሎ ያልፋል ማለት ይቻላል፤ መንገዳቸው አፈርና ጠጠር፣ ብስክሌታቸውም የብረት ክምር እንደነበር ካልረሳን። በደቡብ በኩል ከዋሻው አፍ አጠገብ የውድድሩ መሥራች የአንሪ ደግራንዥ መታሰቢያ ቆሟል። ከዚያ እስከ ሎታሬ በርና እስከ ብሪያንሶን ያለው ቁልቁለት ሰፊ፣ ወደ ፊት የሚታይና ለፍሬን የማይከብድ ስለሆነ፣ በዚህ መስመር ላይ ከወረድኩባቸው ሁሉ ምርጡ ነው።

ብሪያንሶን ላይ አንድ ቀን ማረፍን እመክራለሁ። ከዚያ የሚቀጥለው ኢዞአር 2,360 ሜትር ከፍታ ያለው በር ሲሆን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ለሚጓዝ ሰው ትንሽ በደል ይፈጸምበታል፦ ካስ ዴዜርት የተባለው፣ ቢጫ ጠጠር ከተራራው እየፈሰሰ የሾሉ ዐለቶች እንደ ምሰሶ የሚቆሙበት ስፍራ፣ በቁልቁለቱ ላይ ስለሚገኝ በፍጥነት ያልፋል። መቆም ያስፈልጋል። የቀድሞዎቹ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች የሉዊዞን ቦቤና የፋውስቶ ኮፒ መታሰቢያ የተለጠፈበት ዐለትም እዚያው ነው። ጊዜ ያለው ሰው ኢዞአርን ከደቡብ ከጊየስትር ቢወጣው ይሻላል፤ በዚያ በኩል ግን አማካዩ እንደገና ያታልላል፤ የመጀመሪያዎቹ 15 ኪሎ ሜትሮች በገደል ሥር የሚሄድ የዋህ መንገድ ናቸው፣ የዳገቱ ጉልበት በሙሉ የተጠራቀመው መጨረሻ ላይ ነው።

የቫርስን በር አልፈው ዦዚዬ ከተባለው መንደር የቦኔትን በር የሚጀምሩ ሰዎች 24 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቃቸዋል። በሩ ራሱ 2,715 ሜትር ነው፤ ከኢዘራን ያንሳል። ይህን ለማካካስ ይመስላል፣ ከበሩ ላይ ተነሥቶ ጥቁሩን ጉልላት የሚዞር ቀለበት መንገድ ተሠርቶ 2,802 ሜትር ይደርሳል፤ ሰሌዳዎቹም በአውሮፓ ከፍተኛው መንገድ ነው ይላሉ። አይደለም። በስፔን ወደ ፒኮ ቬሌታ፣ በኦስትሪያም ወደ ኤትዝታል በረዶዎች የሚወስዱት የአስፋልት መንገዶች ከእሱ ከፍ ይላሉ። የኪሎ ሜትር ምልክቶቹ እውነት በሚናገሩበት አገር ሰሌዳው መዋሸቱ ያስቃል። መንገዱ ግን ውሸት አያስፈልገውም ነበር፦ ፈራርሰው ከቀሩ የጦር ሰፈሮች አጠገብ በባዶው ሐመልማል አልባ ተራራ ላይ የሚወጣ፣ ጸጥታው የሚሰማ መንገድ ነው፤ ቀለበቱ መጨረሻ ላይ ከ10 በመቶ በላይ ቢሆንም ርዝመቱ አጭር ነው።

ስለ ዝነኛው የአልፕ ዱዌዝ ዳገት የምለው ብዙ አይደለም። 21 ኩርባዎቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ የአሸናፊዎች ስም ተጽፎባቸው፣ ከ21 ወደ 1 እየቆጠሩ ያወጣሉ፤ ኮፒ በ1952 ያሸነፈበት ስለሆነ ታሪኩ ሙሉ ነው። ዳገቱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አማካዩ 8 በመቶ፣ መጀመሪያው ከ10 በመቶ በላይ ነው። ነገር ግን መጨረሻው የበረዶ ሸርተቴ ሆቴሎች ክምር ነው፤ መኪናውም ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ለመውጣት ይበቃል። ከእሱ ሥር ከአልሞን የሚነሣው የክርዋ ደ ፌር በር በጣም ይበልጠዋል፤ እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያዬ ይጠነክራል፦ ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው መንገድ ላይ ሁለት ቁልቁለቶች ስላሉ አማካዩ 5 በመቶ ገደማ ሆኖ ይታያል፣ እውነተኛው ዳገት ግን በየቦታው ከ10 በመቶ ያልፋል።

አማካይ ቁጥር ከሁሉ በላይ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ግን ሞን ቫንቱ የተባለው ተራራ ይመስለኛል። ከቤድዋን መንደር 1,910 ሜትር ወደሚደርሰው ጫፍ ያለው 21 ኪሎ ሜትር አማካዩ 7.5 በመቶ ነው። የመጀመሪያዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች በወይን እርሻ መካከል ተዝናንተው የሚሄዱባቸው ናቸው። ሴን ቴስቴቭ የተባለውን ኩርባ እንደታጠፉ ጫካው ይዘጋል፤ ከዚያ ሻሌ ሬናር እስከተባለው ስፍራ ድረስ ለ9 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ዳገቱ ከ9 በመቶ በላይ ሆኖ ማረፊያ ሳይሰጥ፣ ነፋስ ሳያስገባ፣ የፊት ለፊቱን ሳያሳይ ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚሰበረው እዚህ ነው፤ ፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ነጭ የኖራ ድንጋይ የመጨረሻዎቹ 6 ኪሎ ሜትሮች ብቻ ነው፣ እዚያም ጠላቱ ነፋስ እንጂ ዳገት አይደለም። በ2016 ነፋሱ ስለበረታ የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆች የዕለቱን ፍጻሜ ከጫፉ ወደ ሻሌ ሬናር ዝቅ ለማድረግ ተገደዋል፤ ክሪስ ፍሩም በሞተር ብስክሌት ግጭት ብስክሌቱን አጥቶ በእግሩ የሮጠው በዚሁ ዕለት ነው፤ ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን የተሳተፈውም በዚያው ዓመት ነበር። ከጫፉ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲቀር፣ በጁላይ 13 ቀን 1967 እዚያ ለሞተው ለብስክሌት ተወዳዳሪው ለቶም ሲምፕሰን የቆመ መታሰቢያ አለ፤ የሚያልፉ ሰዎች የውኃ ኮዳና ኮፍያ ያስቀምጡለታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ከሶ መንደር የሚነሣውን መንገድ እመርጥለታለሁ። 26 ኪሎ ሜትር ቢረዝምም በላቬንደር እርሻ መካከል ወደ 4 በመቶ ተኩል በሆነ ዳገት ይወጣል፣ ሻሌ ሬናር ላይ ከቤድዋኑ ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ ዝነኛው ነጭ ክፍል አይቀርበትም።

የፒሬኔን ተራሮች ያየሁት በችኮላ ስለሆነ ፍርዴም አጭር ነው፦ ከአልፕስ ይልቅ ጠባብ፣ ርጥብና ጭጋጋም፣ መኪናውም ያነሰ ነው። በ1910 በቱር ደ ፍራንስ የገባው የቱርማሌ በር 2,115 ሜትር ሲሆን ከሉዝ በኩል ያለው ዳገቱ እኩል ስለሆነ አማካዩን ማመን ይቻላል። ከሥሩ በምትገኘው በሴንት ማሪ ደ ካምፓን፣ ተወዳዳሪው ዩጂን ክሪስቶፍ በ1913 የተሰበረውን፣ የፊት ጎማውን የሚይዘውን የብስክሌቱን ሹካ በአንጥረኛ ቤት በገዛ እጁ ጠግኖ፣ የሌላ ሰው እርዳታ ክልክል ስለነበር፣ ወናፍ የነፋለት ልጅ በመኖሩ ብቻ ተቀጥቷል። ዛሬ መንገዱ ላይ ጎማ የፈነዳበት ሰው ይህን ቢያስብ ይጽናናል።

ተራራ የማይሻ ሰው ደግሞ የሎዋር ወንዝ አለለት። «ላ ሎዋር አ ቬሎ» የሚባለው መስመር ከኔቬር አካባቢ ተነሥቶ በኦርሌአን፣ በብልዋ፣ በቱር፣ በአንዤና በናንት በኩል እስከ አትላንቲክ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ ለጥ ያለ፣ በደንብ ምልክት የተደረገበት መንገድ ነው። ምልክቱ እንከን የለበትም፤ በመስመሩ አቅራቢያ ያሉ ብዙ ማደሪያዎች «አኬይ ቬሎ» የሚል መለያ ስላላቸው፣ ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታና መጠገኛ ዕቃ እንደሚኖር አስቀድሞ ይታወቃል። ሁለት ነገር ግን ማንም አልነገረኝም። አንደኛው፣ በአንዳንድ ክፍሎች አስፋልቱ ቀርቶ የተጠቀጠቀ ጠጠር ስለሚገጥም ለቀጭን የውድድር ጎማ አይመችም፤ 32 ሚሊ ሜትር ጎማ ይሻላል። ሁለተኛው ነፋስ ነው። አዘውትሮ የሚነፍሰው ከምዕራብ ስለሆነ፣ መጽሔቶች እንደሚመክሩት ከምንጭ ወደ ባሕር የሚጓዝ ሰው ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቱ ይመታል፤ ዳገት የሌለው መንገድ ዳገት የሚሆነው ያኔ ነው። እኔ ብመለስ ከባሕሩ ጀምሬ ወደ ላይ እመጣለሁ።

የመንገዱ ክፍያ የለም፤ የሚከፈለው ለማደሪያ፣ ለምግብና ለኪራይ ነው። ኪራይን በተመለከተ ቅሬታ አለኝ። ስሙን በማልጠቅሰው በአንድ የተራራ ግርጌ ከተማ ያለ የኪራይ ቤት፣ ከኋላ 34 ጥርስ ማርሽ ያለው ብስክሌት ቃል ገብቶ 28 ጥርስ ያለው አቀረበልኝ፤ የፍሬኑ ላስቲክም ያለቀ ነበር። ለጋሊቢዬ ዓይነት ዳገት ከፊት 34፣ ከኋላ ቢያንስ 32 ጥርስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ብስክሌቱን ተቀብሎ ከመፈረም በፊት ጥርሱን በጣት መቁጠር፣ ፍሬኑንም ጎንበስ ብሎ ማየት ተገቢ ነው።

የገጠሩ ሱቅ እኩለ ቀን ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ይዘጋል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላና ሰኞ ደግሞ ዳቦ ቤቱም ሊዘጋ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ በማለዳ ገዝቶ ኪስ መሙላት ነው። ውኃ ባለቀ ጊዜ የመንደሩን መቃብር መፈለግ ይሻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለአበባ ማጠጫ የሚሆን ቧንቧ አለው፣ የማይጠጣ ከሆነም «ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ሾፌሮች ከከተማ ውጭ ብስክሌተኛን ሲያልፉ 1 ሜትር ተኩል እንዲርቁ በሕግ ይገደዳሉ፤ በእኔ ልምድ አብዛኞቹ ያከብሩታል፣ በኦገስት ከሚመጡት ተጎታች ቤት ጎታቾች በስተቀር። በሌሊት ወይም በጭጋግ ከከተማ ውጭ አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ ግዴታ ነው። በመንደር ውስጥ ደግሞ ምልክት በሌለበት መገናኛ ከቀኝ የሚመጣው ቅድሚያ እንዳለው መርሳት አደገኛ ነው። የክልል ባቡሮች ብስክሌትን እንዳለ ሲጭኑ፣ በፈጣኖቹ ባቡሮች ግን ወይ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ወይ ፈታቶ 130 በ90 ሴንቲ ሜትር በሆነ ከረጢት መክተት ያስፈልጋል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከፍተኞቹ በሮች አብዛኛውን ጊዜ ከጁን በፊት አይከፈቱም፤ በኦክቶበር ማብቂያ ወይም በኖቬምበር ይዘጋሉ፣ በግርጌ ያለው ሰሌዳ ክፍት ወይም ዝግ መሆናቸውን ይናገራል። እኔ የምመርጠው የሴፕቴምበርን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ነው። በአውሮፓ የበጋ ወራት ደግሞ በአልፕስ አንዳንድ በሮች ለግማሽ ቀን ለመኪና ተዘግተው ለብስክሌት ብቻ ይለቀቃሉ፤ ቀኖቹን አጣርቶ ጉዞን በዚያ ዙሪያ ማቀድ ያዋጣል።

በሞርየን ሸለቆ የተማረረ ሰው ከሴን ሚሼል ትንሽ ዝቅ ብሎ የሞንቨርኒዬን ኩርባዎች ቢወጣ ይካሳል። ዝናው በ2015 የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ሮማን ባርዴ ቀድሞ ካለፈበት ጊዜ ወዲህ የመጣ ነው። 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ብቻ የሚሆን፣ 8 በመቶ ሳያወላውል የሚወጣ፣ በገደሉ ፊት ላይ እንደ ክር የተደራረበ ጠባብ መንገድ ነው። እዚህ አማካዩና ዳገቱ አንድ ናቸው። ከላይ ቆሞ ቁልቁል ላየ ሰው ወንዙ፣ ባቡሩና የጭነት መኪና የሞላው አውራ ጎዳና ጎን ለጎን ተኝተው ይታያሉ፤ ድምፃቸው ግን እዚያ ድረስ ሲወጣ ደክሟል።